ስክሪኑ ታመመ ወይስ አስተርጓሚው ጠፋ?
ዊንዶውስ እንደገና ከተጫነ በኋላ ስለሚደርስ የግራፊክስ ድራይቨር ችግር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶች። በኮምፒውተር ረገድ ግን ከዚህ የሚብስ ነገር አለ፤ ይኸውም በሽታው አንድ ሆኖ ሳለ ለሌላ በሽታ መድኃኒት መግዛት ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ባለፈው ሴሚስተር በዶርማችን የደረሰ አንድ ነገር ስለሆነ፥ ወደ ትምህርቱ ከመግባታችን በፊት እርሱን በአጭሩ እናወሳለን።

አብሮን የሚኖር አንድ የአርክቴክቸር ተማሪ ላፕቶፑ እየተንቀረፈፈ ቢያስቸግረው ወደ መጠገኛ ቤት ወስዶ ፎርማት አስደረገው። በማግሥቱ ሲከፍተው ፊደሉ ሁሉ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ጽሑፍ ገዝፎ፥ የስክሪኑ ብርሃን ቢቀንሱት የማይቀንስ፥ ቢጨምሩት የማይጨምር ሆኖ አገኘው። የንድፍ ፕሮግራሙም አልሠራም አለ። ወደ መጠገኛው ቤት ቢመለስ «ቪጂኤው ተቃጥሏል፤ ማዘርቦርዱ መለወጥ አለበት» ተባለ። የተጠየቀው ዋጋ ቤተሰቡ ለሴሚስተሩ ከላከለት ገንዘብ የሚበልጥ ነበር። የመመረቂያ ሥራውን ለማስረከብ የቀረው ጊዜ ሦስት ሳምንት ብቻ ስለነበረ፥ ላፕቶፑን በመለዋወጫ ዋጋ ለመሸጥ ቆርጦ ተነሣ። በዚህ መካከል አንዲት የክፍል ጓደኛው «እስቲ አንድ ጊዜ ልየው» ብላ ተቀመጠች፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላም ላፕቶፑ እንደ ቀድሞው ሆነ። የተቃጠለ ነገር አልነበረም። የጠፋው ድራይቨር ብቻ ነበር።

ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ጀምሮ መደበኛ ድጋፍ የተቋረጠበት በመሆኑ፥ ብዙዎቻችን ኮምፒውተራችንን ፎርማት አድርገን ወደ ዊንዶውስ 11 ወይም ወደ ሊኑክስ ተሻግረናል፤ በመሻገር ላይ ያለንም አለን። ስለዚህ በዚያ ተማሪ ላይ የደረሰው በማናችንም ላይ ሊደርስ ይችላል።

ድራይቨር ምንድን ነው?

በኮምፒውተር ውስጥ ሥዕልን የሚሠራው ክፍል ግራፊክስ ካርድ ይባላል። በሰፈራችን «ቪጂኤ» እያልን የምንጠራው ይኸው ነው። ስሙ የተወረሰው አይ.ቢ.ኤም. በ1987 እ.ኤ.አ. ካወጣው የሥዕል ደረጃ ነው። ካርዶቹን የሚሠሩት በተለይ ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፤ እነርሱም ኢንቴል፥ ኤ.ኤም.ዲ. እና ኤንቪዲያ ናቸው። የእያንዳንዱ ካርድ አሠራር ከሌላው የተለየ ነው። ዊንዶውስ ግን የሚያውቀው የራሱን ቋንቋ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ቆሞ የአንዱን ትእዛዝ ለሌላው የሚያስተላልፈው አስተርጓሚ ድራይቨር ይባላል።

አስተርጓሚ በሌለበት ጊዜ ሁለት ሰዎች በእጅ ምልክት እንደሚግባቡ ሁሉ ዊንዶውስም የምልክት ቋንቋ አለው። ኮምፒውተሩ ሲበራ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው መነሻ ፕሮግራም፥ ማለት ባዮስ ወይም ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. የሚባለው፥ አንድ የሜሞሪ ክፍል ለሥዕል ያዘጋጃል፤ በዚያ ላይ የተጻፈው ሁሉ በስክሪኑ ላይ ይታያል። ዊንዶውስ ትክክለኛውን ድራይቨር ሲያጣ በዚህ መንገድ ይጠቀማል። ይህን የሚያከናውነው ከዊንዶውስ 8 (2012 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የተባለው የተጠባባቂ ድራይቨር ነው።

የተጠባባቂው ጥቅም ስክሪኑ ፈጽሞ እንዳይጨልም ማድረጉ ነው። ጉዳቱ ደግሞ የካርዱ ጉልበት ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ ማድረጉ ነው። የሥዕሉ ሥራ ሁሉ በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ስለሚወድቅ ኮምፒውተሩ ይግላል፤ ቪዲዮ ይቆራረጣል፤ የስክሪኑ ብርሃን አይታዘዝም፤ ሁለተኛ ስክሪን ወይም ፕሮጀክተር ሲሰካ አይቀበልም፤ ክዳኑ ሲዘጋም ላፕቶፑ በወጉ አይተኛም። እነዚህ ምልክቶች ፎርማት ከተደረገ በኋላ አንድ ላይ ከታዩ፥ ከመቶው ጉዳይ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የድራይቨር መጥፋት ነው።

ምርመራው

መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በተራ መመለስ ያስፈልጋል።

ሀ/ ጉዳቱ የዕቃው ነው ወይስ የፕሮግራሙ? ኮምፒውተሩ ሲነሣ ኤፍ 2፥ ኤፍ 10 ወይም ዲሊት የሚባለውን ቁልፍ (እንደ ኩባንያው ይለያያል) ደጋግሞ በመጫን ወደ ባዮስ ገጽ መግባት ነው። በዚህ ሰዓት ዊንዶውስ ገና አልተነሣም፤ የዊንዶውስ ድራይቨርም ሥራ አልጀመረም። እንግዲህ በባዮሱ ገጽ ላይ መስመር፥ ነጠብጣብ ወይም የቀለም መዝረክረክ ከታየ ጥፋቱን በድራይቨር ማመካኘት አይቻልም፤ ስክሪኑ፥ ገመዱ ወይም ካርዱ ይመረመር። የባዮሱ ገጽ ንጹሕ ሆኖ ችግሩ ዊንዶውስ ከተነሣ በኋላ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ጥርጣሬው በአብዛኛው ወደ ድራይቨሩ ይዞራል። ይህ ፈተና ሁለት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል፤ ዋጋም የለውም። የጓደኛችንን ገንዘብ ለማዳን ይበቃ የነበረው ይኸው ነበር።

ለ/ ዊንዶውስ ራሱ ምን ይላል? የዊንዶውስ ቁልፍና ኤክስን አብሮ በመጫን ከሚወጣው ዝርዝር «ዲቫይስ ማኔጀር»ን መክፈትና «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» በሚለው ሥር መመልከት ነው። እዚያ የተጻፈው የካርዱ ስም ሳይሆን «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው። «አዘር ዲቫይስስ» በሚለው ሥር «ቪዲዮ ኮንትሮለር» የሚል ስም ከቢጫ ምልክት ጋር ከታየም እንዲሁ ነው። በስሙ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲደረግ አንድ የስህተት ቁጥር ይነበባል። የቁጥሮቹም ፍቺ የሚከተለው ነው።

14፤ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ይደረግ ማለት ነው።
22፤ ካርዱ በሰው እጅ እንዲቆም ተደርጓል፤ «ኢኔብል» በሚለው ይመለሳል።
28፤ ድራይቨር አልተጫነም።
43፤ ካርዱ ችግር እንዳለበት ስላስታወቀ ዊንዶውስ አቁሞታል።
52፤ የድራይቨሩ ዲጂታል ፊርማ አልተረጋገጠም።

ሐ/ ካርዱ የማን ነው? የካርዱ ስም ባይታወቅም መታወቂያው አይጠፋም። በዚያው መስኮት «ፕሮፐርቲስ»፥ ቀጥሎ «ዲቴይልስ»፥ ከዚያም «ሃርድዌር አይዲስ» የሚለው ሲመረጥ ረዘም ያለ ጽሑፍ ይወጣል። «ቬን» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሠሪውን ኩባንያ ያመለክታል። 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው፤ ቁጥሩም ኩባንያው በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር መጠሪያ ነው። 1002 ከሆነ ኤ.ኤም.ዲ. ነው። በ10 ጀምሮ በእንግሊዝኛ ፊደል ዲ እና ኢ የሚጨርስ ከሆነ ኤንቪዲያ ነው። «ዴቭ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ደግሞ የካርዱን ሞዴል ይናገራል። ይህን ጽሑፍ እንዳለ ቀድቶ በኢንተርኔት ቢፈልጉት የካርዱ ሙሉ ስም ይገኛል።

ሕክምናው

ካርዱ ከታወቀ በኋላ ድራይቨሩን ከየት ማምጣት ይገባል? አንደኛው ምንጭ የላፕቶፑ ሠሪ ኩባንያ ገጽ ነው፤ በላፕቶፑ ሆድ ላይ የተለጠፈው የሞዴል ቁጥር በዚያ ይፈለጋል። ሁለተኛው የካርዱ ሠሪ ገጽ ነው። ሦስተኛው የዊንዶውስ አፕዴት ነው፤ በዊንዶውስ 11 «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ «ኦፕሽናል አፕዴትስ» በሚለው ሥር የድራይቨር ዝርዝር ይገኛል። ከእነዚህ ውጭ በየፍላሹ የሚዞረውን «ሁሉን ድራይቨር በአንድ ላይ» የሚል ጥቅል መሸሽ ይሻላል። ከምን እንደተሠራ የማይታወቅ ነገር በኮምፒውተሩ ልብ ውስጥ እንዲገባ መፍቀድ ቤትን ለማያውቁት ሰው ከፍቶ እንደ መሄድ ነው።

ፎርማት ከተደረገ በኋላ የዋይፋዩም ድራይቨር አብሮ የጠፋ ከሆነ ኢንተርኔት ከየት ይመጣል? ለዚህ ቀላል ዘዴ አለ። የአንድሮይድ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ በስልኩ ላይ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ማብራት ነው። ዊንዶውስ ይህን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይቀበለዋል። ይህ ካልተቻለ በጓደኛ ኮምፒውተር አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ነው።

የአጫጫን ቅደም ተከተልም ትርጉም አለው። አስቀድሞ የማዘርቦርዱ፥ ማለት ቺፕሴት የሚባለው ድራይቨር ይጫን፤ ካርዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኘው በማዘርቦርዱ በኩል ነውና። ቀጥሎ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ካርድ ድራይቨር፥ በመጨረሻም ተለይቶ የገባው ኃይለኛ ካርድ ድራይቨር ይከተላል። በየመካከሉ ሪስታርት ማድረግ አይዘንጋ።

«አዲሱ ሁልጊዜ ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብም ብዙ ሰው አሳስቷል። ኤንቪዲያ በ2021 እ.ኤ.አ. ኬፕለር የተባለውን ትውልድ ከአዳዲሶቹ ድራይቨሮቹ አውጥቷል፤ ኤ.ኤም.ዲ.ም በዚያው ዓመት ከፖላሪስ በፊት የነበሩትን ብዙ ካርዶች እንዲሁ አድርጓል። አሮጌ ካርድ ያለው ሰው የቅርቡን ድራይቨር አውርዶ «ተስማሚ ዕቃ አልተገኘም» ቢባል ካርዱ ሞተ ማለት አይደለም። ለዚያ ካርድ የወጣውን የመጨረሻ ድራይቨር መፈለግ ብቻ ነው።

ድራይቨሩ ተጭኖ ችግሩ ቢቀጥልስ?

ሀ/ ስክሪኑ በድንገት ቢጨልም ወይም ቢደርቅ፥ የዊንዶውስ ቁልፍን፥ ኮንትሮልን፥ ሺፍትንና ቢን በአንድ ጊዜ መጫን ነው። ዊንዶውስ የሥዕሉን ድራይቨር እንደገና ያስነሣዋል፤ የተከፈተውም ሥራ አይዘጋም። ዊንዶውስ ራሱም ካርዱ ለ2 ሰኮንድ ያህል መልስ ካልሰጠ ይህን እንዲያደርግ ተደርጎ የተሠራ ነው። አንድ ጊዜ ቢሆን አያሳስብም፤ በየሰዓቱ የሚደጋገም ከሆነ ግን ድራይቨሩን ወይም የካርዱን ሙቀት መመርመር ይገባል።

ለ/ ችግሩ የመጣው ዊንዶውስ ራሱ ድራይቨሩን ከለወጠ በኋላ ከሆነ፥ በዲቫይስ ማኔጀር «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን መምረጥ ወደ ቀድሞው ይመልሳል።

ሐ/ ቁጥር 43 ከታየ በመጀመሪያ «ሪስታርት» ማድረግ ነው እንጂ አጥፍቶ ማብራት ብቻውን አይበቃም። ዊንዶውስ በተለመደው አጠፋፍ ጊዜ የውስጡን ሁኔታ አስቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ስለሚያነሣ፥ የታመመው ድራይቨር ከነሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ሪስታርት ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ይጀምራል።

መ/ ይህም ካልረዳ አሮጌውን ድራይቨር ከሥሩ ነቅሎ አዲስ መጫን ያስፈልጋል። «ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር» የተባለው ነጻ ፕሮግራም ለዚህ የታወቀ ነው። አስቀድሞ ትክክለኛው ድራይቨር ወርዶ ይቀመጥ። ከዚያ ዊንዶውስ በመካከል ገብቶ ሌላ ድራይቨር እንዳያመጣ ኢንተርኔቱ ይቋረጥ። ቀጥሎ ሺፍትን ይዞ «ሪስታርት»ን በመጫን «ትራብልሹት»፥ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፥ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ» በሚሉት በኩል አልፎ 4 ቁጥርን መጫን ነው። ይህ ሴፍ ሞድ ይባላል፤ ዊንዶውስ በተጠባባቂው ድራይቨር ብቻ የሚነሣበት ሁኔታ ነው። በዚያ አሮጌው ይነቀላል፤ በመደበኛው አነሣስም አዲሱ ይጫናል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. ከወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ጀምሮ፥ በማይክሮሶፍት አካውንት አዲስ በተጫነ ኮምፒውተር ላይ ዲስኩ ባለቤቱ ሳያስተውለው ሊቆለፍ ይችላል። ይህ ቢትሎከር የሚባለው አሠራር ነው። ወደ ሴፍ ሞድ ሲገባ ወይም የባዮስ ቅንብር ሲለወጥ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ በዲስኩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ አይገኝም። ስለዚህ ከመነካካት በፊት ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንት ላይ አግኝቶ በወረቀት መጻፍ ግዴታ ነው። ስክሪን እናስተካክላለን ብለን የመመረቂያ ጽሑፍ ማጣት አይገባንም።

ሠ/ ቁጥር 52 ከታየ የፊርማውን ቁጥጥር አጥፍቶ ለማለፍ መሞከር አይበጅም። ቁጥጥሩ የተደረገው ለእኛው ጥበቃ ነው። የተነካካውን ድራይቨር ጥሎ ከሠሪው ኩባንያ ትክክለኛውን ማምጣት ነው።

ሁለት ካርድ ያላቸው ኮምፒውተሮች

ብዙዎቹ የንድፍና የምሕንድስና ተማሪዎች ላፕቶፖች ሁለት ካርድ አላቸው፤ አንዱ ቆጣቢ፥ ሁለተኛው ኃይለኛ ነው። የቆጣቢው ድራይቨር ብቻ ተጭኖ ስክሪኑ አምሮ ቢታይ ባለቤቱ ሁሉ የተስተካከለ ይመስለዋል፤ የንድፍ ፕሮግራሙ ግን እያዘገመ ይቀራል። በዲቫይስ ማኔጀር ሁለቱም ስሞች መኖራቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከዚያም በ«ሴቲንግስ»፥ «ሲስተም»፥ «ዲስፕሌይ»፥ «ግራፊክስ» በሚለው ሥር የንድፍ ፕሮግራሙን መርጦ «ሃይ ፐርፎርማንስ» የሚለውን መስጠት ነው።

በዴስክቶፕ ላይ ደግሞ አስቂኝ የሆነ፥ ግን በብዛት የሚያጋጥም ስህተት አለ። ኮምፒውተሩ ለፎርማት ተነቅሎ ሲመለስ የስክሪኑ ገመድ በካርዱ መሰኪያ ፈንታ በማዘርቦርዱ መሰኪያ ላይ ይሰካል። ካርዱ ደህና ነው፥ ድራይቨሩም ደህና ነው፤ ሥዕሉ ግን በሌላ በር እየወጣ ነው። ገመዱን ማዛወር ብቻውን ፈውስ ነው።

ወደ ሊኑክስ ለተሻገሩ

በኡቡንቱና በመሰሎቹ የኢንቴልና የኤ.ኤም.ዲ. ድራይቨር ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ስለሚመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጫን ነገር የለም። ችግር የሚበዛው በኤንቪዲያ ላይ ነው። ከተጫነ በኋላ ስክሪኑ ጨልሞ ከቀረ፥ በመነሻው የግራብ ዝርዝር ላይ የኢ ፊደልን ተጭኖ «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ «ኖሞድሴት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጨምሮ ኤፍ 10ን መጫን ነው። ይህ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ መሻገሪያ ነው። ከገቡ በኋላ «አዲሽናል ድራይቨርስ» በሚለው መስኮት የተመከረውን ድራይቨር መምረጥ ይገባል።

ሴኪዩር ቡት በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ሪስታርት ሲደረግም «ኢንሮል ሞክ» የሚል ገጽ ይመጣል። ብዙ ሰው ይህን ገጽ ሳያነብ ያልፈዋል፤ ከዚህም የተነሣ ድራይቨሩ ተጭኖ ሳለ አይነሣም። ያንን ገጽ ተከትሎ የሰጡትን የይለፍ ቃል መድገም ነው።

ሊኑክስን በፍላሽ ላይ ሳይጭኑ ማስነሣት ለዊንዶውስ ተጠቃሚም ይጠቅማል። ሥዕሉ በፍላሹ ሊኑክስ ላይ ጤናማ ሆኖ በዊንዶውስ ብቻ ከተበላሸ ጥፋቱ የዊንዶውሱ ወገን ነው፤ በሁለቱም ላይ በተመሳሳይ ሁኔታ ከተበላሸ ግን ያን ጊዜ የባለሙያው «ተቃጥሏል» ማለት ሊታመን ይችላል።

ከሚቀጥለው ፎርማት በፊት

ከሕመም መድኃኒት ይልቅ ጥንቃቄ ይረክሳል። ፎርማት ከመደረጉ በፊት በዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ «ሲስተም 32»፥ ከዚያ «ድራይቨር ስቶር»፥ ከዚያም «ፋይል ሪፖዚተሪ» የሚባለውን ማኅደር እንዳለ በፍላሽ መቅዳት ይበጃል። ድራይቨሮቹ ሁሉ ያሉት እዚያ ነው። በኋላ በዲቫይስ ማኔጀር «አፕዴት ድራይቨር»፥ ቀጥሎ «ብራውዝ ማይ ኮምፒውተር» ብሎ ይህን ማኅደር ማሳየት ብቻ ይበቃል። ፎርማቱ አስቀድሞ ያለፈበት ሰው ቢሆንም ተስፋ አይቁረጥ። ዲስኩ ሳይጠረግ ዊንዶውስ በላዩ የተጫነ ከሆነ «ዊንዶውስ ኦልድ» የተባለ ማኅደር ተቀምጦ ይገኛል፤ ያው የድራይቨር ማኅደር በውስጡ አለ። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ከ10 ቀን በኋላ ራሱ ስለሚጠፋ መፍጠን ያስፈልጋል።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ለመላው ተማሪ እናቀርባለን። በየዶርሙ አንድ ደብተር ይከፈት፤ በውስጡም የላፕቶፑ ሞዴል፥ የካርዱ መታወቂያና የሠራለት ድራይቨር ይጻፍ። አንድ ፍላሽም ለዚሁ ይመደብ። በአንድ ሕንፃ ያለን ተማሪዎች የምንይዘው ላፕቶፕ በአብዛኛው ተመሳሳይ ስለሆነ፥ አንዱ የደከመበት ለሌላው ድካም ማቅለያ ይሆናል። ያ የአርክቴክቸር ተማሪ ሥራውን በቀኑ አስረክቧል፤ ላፕቶፑም እስከ ዛሬ በእጁ ነው። እርሱን ያዳነው ገንዘብ አልነበረም፤ አንዲት ጓደኛው የምታውቀውን ለራሷ ብቻ ባለማስቀረቷ ነው። እኛም የምናውቀውን ጥቂት እንዲሁ ብናካፍል፥ «ተቃጥሏል» ተብሎ በመለዋወጫ ዋጋ የሚሸጠው ደህና ኮምፒውተር ቁጥሩ ይቀንሳል።